ካራሱያማ ላይ ናፍጣን የተካችው ባቡር፦ ባትሪዋ፣ ቻርጇና ጉድለቷ

ጃፓን ቶቺጊ ውስጥ ከኡትሱኖሚያ ወደ ካራሱያማ የምትሄደውን ባትሪ ባቡር መገምገም የሚፈልግ ሰው ከባትሪው በፊት የመጨረሻውን ጣቢያ ቢያይ ይሻላል። ካራሱያማ ላይ ከሐዲዱ በላይ ያለው ነገር እንደ ሌላው ቦታ የተወጠረ ቀጭን ሽቦ አይደለም። ወፍራም፣ የማይታጠፍ የኃይል ዘንግ ነው፤ እዚያው ጣቢያ ውስጥ ጀምሮ እዚያው ያልቃል። ባቡሯ ከሥሩ ትቆማለች፣ ፓንቶግራፏን (የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ጣሪያ ላይ የምናየውን ክንድ ማለት ነው) ታነሳለች፣ 10 ደቂቃ ያህል ቻርጅ ታደርጋለች፣ ትመለሳለች። የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይኸው ነው።

ዘንግ ለምን አስፈለገ? ባቡር እየሄደ ኃይል ሲወስድ ፓንቶግራፉ ሽቦውን የሚነካበት ቦታ በየቅጽበቱ ስለሚቀያየር ሙቀቱ ይበተናል። ቆሞ ሲወስድ ግን ያ ሁሉ ኃይል በአንዲት ነጥብ ያልፋል። ሒሳቡን እንሥራው፦ በ10 ደቂቃ 50 ኪሎዋት ሰዓት መሙላት 300 ኪሎዋት ይጠይቃል፤ በ1500 ቮልት 200 አምፔር መሆኑ ነው። ይህ ቀጭን ሽቦ ላይ አንድ ቦታ ሲያርፍ ሽቦውን ያግላል፣ ያላላል፣ ሲብስም ይበጥሳል። ባትሪ ባቡር አሳምረው ገዝተው ቻርጅ ቦታውን ችላ የሚሉ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ባቡሯ። ኢቪ-ኢ301 ትባላለች፣ የቁልምጫ ስሟ አኩም ነው፤ ባለቤቱ ጄአር ኢስት የተባለው የጃፓን ባቡር ኩባንያ ነው። ሁለት ፉርጎ፣ 190 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ፣ እያንዳንዳቸው 95 ኪሎዋት የሆኑ አራት ሞተሮች። ከኡትሱኖሚያ እስከ ሆሻኩጂ ያለውን 11.7 ኪሎ ሜትር የምትሄደው በ1500 ቮልት መስመር ሥር ነው። ኃይሉን ወደ 630 ቮልት አውርዳ ሞተሩንም ታንቀሳቅሳለች፣ ባትሪውንም እግረ መንገዷን ትሞላለች። ሆሻኩጂ ላይ ፓንቶግራፏን ታወርድና ቀሪውን 20.4 ኪሎ ሜትር በባትሪ ብቻ ትጨርሳለች። በመስመር ሥር 100፣ በባትሪ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትሄዳለች። 65 ያንሳል የሚል ቅሬታ ሊነሳ ይችላል፤ ሐዲዱ ነጠላ፣ ጣቢያዎቹም የተቀራረቡ ስለሆኑ እዚህ ብዙም አይጎዳም። ረዥም መስመር ላይ ግን አያዋጣም።

በእሷ የተተኩት ኪሃ 40 የሚባሉት የናፍጣ ባቡሮች ናቸው። ናፍጣው ጣቢያ ላይ ቆሞም እያጓራ ያጨሳል፣ ፍሬን ሲያዝም ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። አኩም ፍሬን ስትይዝ ሞተሮቿ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጠው ባትሪውን መልሰው ይሞላሉ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አፉ ድረስ የሞላ ባትሪ የፍሬኑን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ቁልቁለት ይዞ የሚነሳ ባቡር ስለዚህ ጥቂት አጉድሎ መነሳት አለበት፤ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል።

ጄአር ኢስት አለመቸኮሉን ወደነዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2014 አንዲቷን ብቻ አስገባ። ክረምትና በጋውን እያየ ቆይቶ በ2017 ሌሎቹን ሦስት ጨመረና ናፍጣውን ከመስመሩ አወጣ።

ጉድለቷስ? ትልቁ ሰዓት ነው። ናፍጣ ባቡር ዘግይቶ ቢደርስ ነጂው ወዲያው ዞሮ የጠፋውን ደቂቃ ሊያካክስ ይችላል። እዚህ ግን ቻርጁ የራሱን ደቂቃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መዘግየቱ ወደሚቀጥለው ጉዞ ይተላለፋል። ሁለተኛው ብርድ ነው። የናፍጣ ሞተር ሙቀቱን ለተሳፋሪው በነፃ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ማሞቂያውም ከዚያው ባትሪ ይበላል። በሮቹ ተሳፋሪው በሚጫነው ቁልፍ የሚከፈቱት በከፊል ለዚህ ነው፦ የሚወርድ ወይም የሚሳፈር ከሌለ በሩ አይከፈትም፣ ሙቀቱም አይወጣም። መቀመጫው በግድግዳው ርዝመት የተዘረጋ አግዳሚ ስለሆነ መልክዓ ምድሩን ለማየት አንገት መጠምዘዝ ግድ ነው። ይህኛው የኛ ቅሬታ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ተማሪ ለሚያመላልስ ባቡር አግዳሚው ይመቻል።

ይህችኑ ባቡር ሌላ መስመር ላይ አምጥቶ መትከልም አይቻልም። አኪታ አጠገብ ላለው የኦጋ መስመር ጄአር ኢስት ሌላ ዓይነት ነው ያስገባው፤ ዋናው መስመር እንደ ኡትሱኖሚያው ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ሳይሆን ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) 20,000 ቮልት ስለሆነ በኪዩሹ ደሴት የሚሄደውን ባትሪ ባቡር መሠረት አድርጎ ኢቪ-ኢ801ን አሠራ። በባትሪ የሚሄደው 26.4 ኪሎ ሜትር ነው፣ ባትሪውም 360 ኪሎዋት ሰዓት። ለንደን ግሪንፎርድ ላይ የተሞከረው ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ መንገድ ነው፦ ዌስት ኢሊንግ ጣቢያ ላይ 3 ደቂቃ ተኩል ቻርጅ፣ ከላይ ሳይሆን ከሐዲዱ በኩል። ከሐዲዱ ዳር የተቀመጡ ባትሪዎች ከከተማው የኤሌክትሪክ መስመር ቀስ እያሉ ይሞላሉ፣ ባቡሩ ሲመጣ በአንዴ ያፈሱለታል። የአካባቢው የኃይል መስመር ደካማ ከሆነ ከካራሱያማው ይልቅ ይሄኛው ይመረጣል።

ለመሳፈር የሚሄድ ሰው ከኡትሱኖሚያ በቀጥታ የሚሄደውን ይምረጥ፤ ሆሻኩጂ ላይ ተነስተው ከሚመለሱት ጋር እንዳይምታታ የጊዜ ሰሌዳውን ይመልከት። ፉርጎው ውስጥ ኃይሉ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚያሳይ ስክሪን አለ። እሱ በሚታይበት በኩል ተቀምጦ ሆሻኩጂ ላይ የቀስቱ መነሻ ከፓንቶግራፍ ወደ ባትሪ ሲቀየር፣ ቀጥሎም ባቡሯ ፍሬን በያዘች ቁጥር ወደ ኋላ ሲመለስ ማየት ይቻላል።