በጣና ዳር ያዘጋጁልን ምሽት፦ ታንኳው፣ አዝማሪውና ያበላሸው ድምፅ ማጉያ

እንግዳን ወንበር ላይ ደርድሮ ንግግር ማስደመጥ ለእኔ ዝግጅት አይደለም። ሰው የመጣው ሊገናኝ ነው፤ እጁና አፉ ሥራ ማግኘት አለባቸው። ባለፈው ጥር የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የድሮ ተማሪዎች ስንገናኝ ምሽቱን ያሰናዱልን የባሕር ዳር ወጣቶች ይህ ገብቷቸዋል። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ስለነበርኩ ብሩ የት የት እንደገባ አውቃለሁ። አብዛኛው አንጀቴን አርሶታል፤ የፊኛውና የድምፁ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ልጆቹ ገና ስንገናኝ የጌጥ ፎቶ አልደረደሩልንም። «ስትማሩ ምን ትሠሩ ነበር? ማን ማንን ለማግኘት ይጓጓል?» ብለው ጠየቁን። ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተ የሙያ ቤት ነው፤ እኛም እስከ ዛሬ የምንተዋወቀው በወርክሾፕ ነው፦ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ እያልን። ስለዚህ ባጁ ላይ ኢንጂነር፣ ዶክተር የሚለውን ሁሉ ትተው ስምና ወርክሾፕ ብቻ ጻፉ። የክብር ጠረጴዛም አላዘጋጁም። ትልቅ መሥሪያ ቤት ሲመራ የኖረ ጓደኛችን ከብረታ ብረቶቹ ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስለ መበየጃ ሲከራከር ማየት ደስ ይል ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት የደንገል ታንኳ መሥራቱን ነው። ከሐይቁ ዳር ከሚኖረው የወይጦ ማኅበረሰብ አንድ ታንኳ ሠሪ አባት አስመጥተው የደረቀ ደንገል ክምር አጠገባቸው አደረጉላቸው። «እናንተም ያዙ» አሉን። ደንገሉ እንደ ክንድ በሚወፍር እስር ይታሰራል፤ አንዱ እስር ከሌላው ጋር በልጥ ይሰፋል፤ አፍንጫው ወደ ላይ እንዲቀና ደግሞ ሁለት ሰው ወጥሮ ይይዘዋል። ጨርቃ ጨርቅ የተማርኩ ነኝና እጄ አላስቀመጠኝም። አባታችን ያላላሁትን ቋጠሮ በአውራ ጣታቸው ነካ አድርገው «ልጄ፣ ውኃ ይህን አይምርም፤ አጥብቂው» አሉኝ። አጠበቅሁት። ለዓመታት ያልተነጋገሩ ሰዎች አንድ ልጥ ከሁለት ጫፍ ሲጎትቱ ወሬው ራሱ መጣ። ለአባታችን የተከፈላቸው ከፊኛው ዋጋ ያነሰ መሆኑ ግን ልክ አይደለም፤ ይህን ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ።

አዝማሪዎቹ ደግሞ ቀድመው ከኮሚቴው ጋር ቁጭ ብለው የሁላችንንም ታሪክ ሰምተው ነበር። በማታው ዘጌ ቡና እየተቆላ ባለ ማሲንቆው በየክቡ እየዞረ ያነሣሣን ጀመር። ጋምቤላ ብዙ ዘመን ሠርቶ የመጣ ጓደኛችን ፊት ሲደርስ ከእንጨት ሥራዎቹ አንዷ «ተቀበል!» አለችው፦

ዓባይ ጣናን አልፎ ሳይደባለቅ ወጣ፣
ወንድማችን ዞሮ እንደ ሄደ መጣ።

አዝማሪውም ተቀብሎ በማሲንቆው መለሰው። ከዚያ በኋላ ዝም ያለ ሰው አልነበረም፤ ግጥም ሞክሮ የማያውቀው ሁሉ «ተቀበል» እያለ ተነሣ። ውድ ባንድ ከአዲስ አበባ ከማስመጣት ይህ ይበልጣል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ማሲንቆ ባለ አንድ ጭራ፣ ለቅርብ ጆሮ የተሠራ መሣሪያ ነው። ድምፅ የሚያከራየው ሰው ግን ለሠርግ የሚሆን ሞንታርቦ ተክሎ ጩኸት ብቻ አደረገው፤ የመጀመሪያዎቹ ግጥሞች አልተሰሙም። በኋላ ሲጠፋ ነው ምሽቱ የተስተካከለው። የፊኛው ቅስትም ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በተነሣው ነፋስ ተበጣጥሶ ወደ ውኃው ሊገባ ሲል ለቀምነው። ጣና ከሰዓት በኋላ እንደሚነፍስ ባለ ጀልባዎቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ወደ ዘጌ በጠዋት የሚኬደውም ለዚህ ነው። የፕላስቲክ ፊኛ ሐይቅ ዳር ባይመጣ ይሻላል። የዓሣ ጉላሹ ጥሩ ነበር፤ ግን ዘገየ።

ለማኅበር፣ ለጡረታ ሽኝት፣ ለድሮ ተማሪዎች መገናኛ እነዚህን ልጆች ያለ ማመንታት ያዟቸው። ብዙ ሰው ለሚጠራ ሠርግ አልመክርም፤ አሠራራቸው በቁጥር ጥቂት ሆኖ ለሚተዋወቅ ሰው ነው። ቀብዱ ግማሽ ነው። ውሉ ላይ ሁለት ነገር አጽፉ፦ ማሲንቆው ያለ ማጉያ እንዲጫወት፣ የታንኳ ሠሪውም ክፍያ በእጃቸው እንዲሰጣቸው።