ለሳሪሱ ጎሚስታ ምስጋና፣ ጎማ ለምትቀይሩም ጥቆማ

አራት ጎማ ልገዛ ወጥቼ ሁለት ብቻ ገዝቼ እንድመለስ ያደረጉኝን ሰው በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስማቸውንም ስልካቸውንም አልጽፍም፤ «ስሜን የትም እንዳታወጪው፣ አሁን ያለው ወረፋ ይበቃኛል» ብለውኛል። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንዲሁ ልጥራቸው። ሥራቸው ጎሚስታ ነው። ሳሪስ አቦን አልፋችሁ ወደ ቃሊቲ ስትወርዱ በቀኝ በኩል፣ ነጭ ቀለም የተቀባ የጭነት መኪና ጎማ የተገተረበትን ቆርቆሮ ቤት ካያችሁ ደርሳችኋል።

ነገሩ የሆነው ኅዳር 2018 ላይ ነው። እናቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለት ነበረባት። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለሆነ ታኅሣሥ 19ን ለማክበር እናቴን፣ ሁለቱን ልጆቼንና የወንድሜን ሚስት ጭኜ የምነዳው እኔ ነኝ። መኪናችን እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራች ኮሮላ ናት። መንገዱ ሲሄዱ ብቻ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመተሐራንና የአዋሽን ሙቀት፣ ከዚያም የጭሮን ዳገት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መኪና የሚያጥበው ልጅ የፊት ጎማዎቼን ዓይቶ «እነዚህ መላጣ ሆነዋል» ሲለኝ አራቱንም ለመቀየር ወሰንኩ።

መጀመሪያ የገባሁት አንድ የጎማ መሸጫ ነው፤ የማን እንደሆነ ይቅር። የእኔ ጎማ ልኩ 195/65/15 ነው፤ የመጨረሻው 15 ጎማው የሚገጠምበት ብረት፣ የቸርኬው፣ ልክ ነው። ሻጩ ይህ ልክ እንዳለቀ ነግሮኝ 185/65/15 አወጣልኝ። «ያው 15 ነው፣ ይገባል፤ በዚያ ላይ ይረክሳል» አለኝ። መቼ እንደተሠራ ስጠይቀው ጎማውን አሽከርክሮ በጎኑ ላይ ያለችውን የእንቁላል ቅርጽ በጣቱ ነካት። ውስጧ 2218 ይላል። «ይኸው 18፤ የዘንድሮ ነው!» ደስ አለኝ። ለባለቤቴ እንድልክለት ፎቶ አነሳሁት፣ ለአራቱም ቀብድ ከፍዬ ወጣሁ።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ማስገጠሚያ ስንት እንደሚጠይቁ ለማወቅ ብቻ ነበር። የአንድ ሚኒባስ ጎማ ውኃ በተሞላ በርሜል ግማሽ ውስጥ ደፍቀው አረፋ እየጠበቁ ነበር፤ ቀና ሳይሉ «ጎማው የታለ?» አሉኝ። ፎቶውን አሳየኋቸው። እጃቸውን በጨርቅ አድርቀው ስልኩን ተቀበሉና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ማነው የዘንድሮ ነው ያለሽ?»

«ሻጩ ነዋ። 18 ይላል እኮ ጋሼ።»

«የፊተኞቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱን ነው የሚናገሩት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን። 22ኛው ሳምንት ማለት ነው። በእኛ ቆጠራ ከሆነማ 22ኛው ሳምንት ጥር መጨረሻ ላይ ነው፤ አሁን ኅዳር ነው። ገና ያልተሠራ ጎማ ሸጡልሽ ማለት ነዋ!»

ረዳታቸው የሆነው ልጅ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። እኔ ግን አልሳቅኩም። ጎማ የሚሠሩ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት የፈረንጆቹን ዓመት ነው፤ 2218 ማለት እ.ኤ.አ. የ2018 22ኛ ሳምንት፣ በእኛ የ2010 የግንቦት 20 ሳምንት ነው። ከሰባት ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ የኖረ ጎማ! እንዲያው በማጠቢያ ፈሳሽ ተወልውሎ ያበራል። የዘመን አቆጣጠራችን ልዩነት ለነጋዴ ይህን ያህል ሲሳይ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሻጩ አውቆ አታሎኝ ይሁን ራሱም ሳያውቅ ቀርቶ እንጃ፤ ለእኔ ኪስ ልዩነት የለውም።

ጋሼ ግን ገና አልጨረሱም። ከልኩ ቀጥሎ ያለችውን ቁጥር አሳዩኝ። የእኔ ጎማ 91 ይላል፣ የተሸጠልኝ 88። ይህች ቁጥር አንዱ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት የምትናገር ናት፤ 91 ሲል 615 ኪሎ፣ 88 ሲል 560 ኪሎ ነው። «ይገባል ያለሽ እውነቱን ነው፣ ቸርኬው ላይ ይገባል። አምስት ሰው፣ ሻንጣ፣ የስለት ጃንጥላ፣ የአዋሽ አስፋልት… እሱንስ ጠየቅሽው?» አልጠየቅሁትም። ከአራቱ ጎማ በድምሩ 220 ኪሎ አቅም ለርካሽነት አሳልፌ ልሰጥ ነበር።

ከዚያ ወደ መኪናዬ መጡ። እኔ መሪውን አዙሬ እንዲያዩት ስጠብቅ እሳቸው ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን የፊት ጎማው ጥርስ ላይ አሳረፉና ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ አድርገው ሳቡት። «አሁን አንቺ» አሉኝ። ለስላሳ ነው። «አሁን መልሺው።» ከውስጥ ወደ ውጭ ስመልሰው እጄን እንደ መጋዝ ጥርስ ያዘው። ይህን ስሜት በቃላት ማስረዳት ይከብዳል፤ ወጥታችሁ የራሳችሁን መኪና ጎማ ዳስሱት፣ ሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከለሰለሰ ደግ ነው። የእኔ ጎማዎች የተበሉት በእርጅና አይደለም፤ የፊት እግሩ መስመሩን ስቶ ጎማዎቹ እየተጎተቱ ስለሚሄዱ ነው። መኪናውን በክሪክ አንሥተው ጎማውን በግራና በቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ቷ ቷ የሚል ድምፅ ሰማን። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ጫፍ ላልቷል። አዲስ ጎማ እላዩ ላይ ብገጥም ኖሮ በወራት ውስጥ ይኸው ይደገም ነበር።

አበላሉን ማንበብም እዚያው አስተማሩኝ። ሁለቱም ጠርዞች አልቀው መሐሉ ከተረፈ አየር አንሷል፤ መሐሉ አልቆ ጠርዞቹ ከተረፉ በዝቷል፤ አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ወደ አላይመንት፣ መስመሩን ወደሚያስተካክሉበት፣ ነው። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ድልድይ የመሰለች ትንሽ ጉብታ አለች፤ ከፍታዋ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱ ከእሷ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። የፊቶቹ በውስጥ በኩል ደርሰውባታል። የኋላዎቹ ግን ገና ብዙ ይቀራቸዋል፣ ቁጥራቸውም 4122 ነው፤ ጥቅምት 2015 መጀመሪያ ላይ የተሠሩ።

«ሁለት ግዢ» አሉኝ። «አራት ምን ያደርግልሻል?»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እሳቸው አዲስ ጎማ አይሸጡም፣ ስለዚህ ከግዢው የሚያተርፉት የለም። ግን አራት ጎማ ማስገጠም የሁለት እጥፍ ገቢ ነው። ቆርቆሮው ሥር በገዛ እጄ ላስረክባቸው የመጣሁትን ገንዘብ ነው የመለሱልኝ።

ቀብዴን ለማስመለስ የነበረውን ጭቅጭቅ እለፈው፤ ተመልሷል። ጎማውን ከመርካቶ ጎማ ተራ ገዛሁት፤ 195/65/15፣ 91፣ ቁጥሩ 2925። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህን እስክታነቡ ይለወጣል። ጋሼ ስለ ፋብሪካው ስም ብዙም አይጨነቁም፤ ልኩን፣ ሸክሙንና ሳምንቱን ነው የሚጠይቁት። በነገራችን ላይ ሙሉው ቁጥር በአንዱ ጎን ብቻ የታተመበት ጎማ አለ፤ በመሸጫው መደርደሪያ ላይ ወደ ግድግዳው ዞሮ ካገኛችሁት አዙሩልኝ ለማለት አትፈሩ።

ሲገጥሙልኝ ደግሞ ተከራከርን። እኔ አዲሶቹ ከፊት እንዲሆኑ ፈለግሁ፤ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው። እሳቸው አይሆንም አሉ። «ዝናብ ላይ የፊቱ ቢንሸራተት መሪው በእጅሽ ነው፣ እግርሽን ከነዳጅ ላይ ታነሺና ትመልሺዋለሽ። ኋላው ከከዳሽ ግን መኪናው ይዞርብሻል፣ የምታደርጊው ነገር የለም።» የተሻለው ጥርስ ከኋላ ይሁን ማለታቸው ነው። የኋላዎቹን ወደ ፊት አምጥተው አዲሶቹን ከኋላ ገጠሙ። የጎማውን ከንፈር በሳሙና ውኃ አስነክተው አየር ሲሞሉ «ጧ» ብሎ ቸርኬው ላይ ሲቀመጥ ልጆቼ በድንጋጤ ጮኹ። አላይመንትና ባላንስ እሳቸው ዘንድ የለም፤ የላላውን ጫፍ መካኒክ ከቀየረልኝ በኋላ ሌላ ቦታ ልከውኝ አሠራሁ።

ልንጨርስ ስንል «ስኮርታውን አውርጂው» አሉ፤ መጠባበቂያውን ጎማ ማለታቸው ነው። አዲስ ነው አልኳቸው፤ መኪናውን ከገዛን ጀምሮ አንድም ቀን መሬት አልነካም፣ ጥርሱ ላይ ከፋብሪካ የወጣው የጎማ ፀጉር እንኳ አልረገፈም። ጋሼ ጎኑን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት እንደ ክረምት ማግሥት ጭቃ ተሰነጣጥቆ ታየኝ። ቁጥሩ 1113። ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ! ይህን ይዤ ነው አዋሽ በረሃ የምወርደው የነበረው። ለጊዜው ከተነሡት የፊት ጎማዎች የተሻለው ስኮርታ ሆኖ እንዲገባ አደረጉ፤ «ቀስ ብለሽ እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ያደርስሻል፣ ከዚያ በላይ አትመኚ» ብለው። ከቁልቢ መልስ እሱንም ቀየርኩት።

ስለ መንገዱ የምነግራችሁ ብዙ የለም፤ ጎማ ደህና ሲሆን ወሬ አይኖረውም። አንድ ነገር ብቻ፦ አዋሽ ነዳጅ ልቀዳ ስቆም አንድ ወጣት «ጎማሽ ከሯል፣ ላስተንፍሰው» አለኝ። ጋሼ አስቀድመው ነግረውኛል። አየር የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ልክ ነው፤ ሲሞቅ መጨመሩ የተፈጥሮ ነው። በሙቀቱ ያስተነፈሱት ሲበርድ ከልኩ በታች ይሆናል። ወጣቱን አመስግኜ ሄድኩ። እናቴ ስለቷን አስገባች።

እንግዲህ ልትሄዱ ከሆነ እነዚህን ዕወቁ። ጋሼ ቁጡ ናቸው፤ በቸርኬያችሁ ላይ ዝገት ካዩ እንደ ልጃቸው ይገሥጿችኋል። መቀመጫው ጎማ ላይ የተጋደመ ሳንቃ ነው፣ ጥላም የለውም። ሰኞ ጠዋት ሚኒባሶች ስለሚሰለፉ አትሂዱ፤ ረቡዕና ሐሙስ ከሰዓት ይሻላል። እሑድ ዝግ ነው። የድሮውን ጎማ ይዛችሁ ለመመለስ ካልፈለጋችሁ ለረዳታቸው ስጡት፤ የእኔን ተሰንጥቆ የነበረ ስኮርታ «ለበረባሶ ይሆናል» ብሎ ምን አለሽ ተራ ለሚሠሩት ሰዎች ሊወስደው ሲያንከባልለው ነው ጥዬው የወጣሁት። ስኮርታችሁን ግን ሳይጠይቋችሁ ቀድማችሁ አውርዱት።