ቲቪያችሁ ምስል ከቆረጠ ለጠጋኝ ከመስጠታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

እናቴን 3,500 ብር ያስከፈላት ብልሽት ሪሞቱ ላይ ባለች አንዲት ቁልፍ የሚስተካከል ነበር። ሌላ ሰው እንዳይበላ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ቤት ባለ 43 ኢንች ቲቪ አለ። አንድ ማታ ዜና ልታይ ስትከፍት ከታች የሚያልፈው ጽሁፍ ግማሹ የለም። ጥግ ላይ ያለው የጣቢያው አርማ ተቆርጧል። የዜና አንባቢዋ ፀጉርም ከስክሪኑ በላይ ወጥቷል። እኔ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበርኩ፣ ስለዚህ ጎረቤት የሚያውቀው ጠጋኝ ተጠራ። መጣ፣ ከጀርባው መታ መታ አደረገና «ቦርዱ ተበላሽቷል፣ ቶሎ ካልተሠራ ፓናሉንም ይዞት ይሄዳል» አላት። ፓናል ማለት ምስሉን የሚያሳየው ስክሪኑ ራሱ ነው፤ እሱ ሲባል ማን አይደነግጥም? የቲቪው ዋጋ አብዛኛው እኮ እሱ ነው። ቲቪው በጋቢ ተጠቅልሎ በባጃጅ ሄደ፣ አራት ቀን ቆየ፣ ተስተካክሎ መጣ። ገንዘቡ ተከፈለ። ደረሰኝ የለም። ተቀየረ የተባለውን ዕቃም ማንም አላየም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያው ችግር ተመለሰ። ያን ቀን እኔ እዚያው ነበርኩ። ሪሞቱን አገላብጬ ሳየው ከታች በኩል «ፒ ሳይዝ» የምትል፣ የምስሉን መጠን የምትቀይር ቁልፍ አለች። ስጫናት ስክሪኑ ላይ «ዙም 1» የሚል ጽሁፍ ብቅ አለ። ደግሜ ደጋግሜ ስጫን «4:3» መጣ፣ ከዚያ «16:9» ሲል ምስሉ ሙሉ ሆነ፤ ጽሁፉም አርማውም ተመለሰ። አስር ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። የእህቴ ልጅ በሪሞቱ ሲጫወት ነክቷት ኖሯል።

ለጠጋኙ ደወልኩለት። የትኛውን ዕቃ ነው የቀየርከው ስለው «ቦርዱን አጥቤዋለሁ፣ የጉልበት ነው የተቀበልኩት» ብሎ ዘጋብኝ።

እንግዲህ እናንተ ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት የቲቪውን የራሱን ሜኑ ክፈቱ። የሪሲቨሩን አላልኩም፣ የቲቪውን። ምስሉ ተቆርጦ ሜኑው ግን ሙሉ ሆኖ ጥርት ብሎ ከታየ ፓናሉ ደህና ነው፣ የተነካው ሴቲንግ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ከወረደ፣ የስክሪኑ አንድ ወገን ከጨለመ፣ ሜኑውም አብሮ ከተበላሸ ያኔ የእውነት ጠጋኝ ያስፈልጋል። ይቺን አንዲት ነገር እማዬ ብታውቅ ኖሮ ቲቪው ከቤት አይወጣም ነበር።

ምስሉ ለምን እንደሚዛባ ደግሞ ልንገራችሁ። የዛሬ ቲቪዎች 16:9 ናቸው፤ ወርዱ 16 ቢሆን ቁመቱ 9 ነው ማለት ነው። የድሮ ድራማና የድሮ ዘፈን የተቀረጸው በ4:3 ነው። ያንን በትክክል ሲያሳይ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፣ ይሄ ብልሽት አይደለም። ጥቁሩን ለመሙላት ወደ ጎን ከለጠጣችሁት ሰው ሁሉ ይወፍራል፣ ክብ ነገር ሞላላ ይሆናል። ዙም ካደረጋችሁት ደግሞ ከምስሉ ቁመት ሩብ ያህሉ ከላይና ከታች ይቆረጣል፤ የእማዬ ዜና ጽሁፍ የሄደው እንደዚህ ነው። ፊልም ላይ ከላይና ከታች ጥቁር ካያችሁም አትደንግጡ፣ ብዙ የሲኒማ ፊልም ከ16:9 የሰፋ ነው።

16:9 ላይ ሆኖም ጠርዙ በትንሹ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። የድሮዎቹ ባለ ቱቦ ቲቪዎች የምስሉን ዳር ይደብቁ ነበር፣ ያ ልማድ አዲሶቹም ላይ ቀርቷል። ሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ፊት» ወይም «ፊት ቱ ስክሪን»፣ ኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን» የሚለውን ስትመርጡ ይስተካከላል። ምርጫው ካልታያችሁ ሪሲቨሩ የተሰካው በድሮው ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ መሆኑን እዩ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በኤችዲኤምአይ ሲሆን ነው።

ሪሲቨሩም የራሱ ሴቲንግ አለው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄንን ነው። ሪሴት ሲደረግ ወደ 4:3 የሚመለስ አለ። ሪሲቨሩ 4:3 ላይ፣ ቲቪውም 4:3 ላይ ሆኖ ሰፊ ምስል ሲመጣ በአራቱም በኩል ጥቁር ፍሬም ገብቶ ምስሉ መሐል ላይ ያንሳል። ሁለቱንም 16:9 አድርጉ። ብዙ ቲቪ ደግሞ ለእያንዳንዱ መሰኪያ ለየብቻ ነው የሚያስታውሰው፤ ለዲሹ ያስተካከላችሁት ፍላሽ ስትከፍቱ ላይሠራ ይችላል።

ይሄን ሁሉ ሞክራችሁ ካልሆነ ጠጋኝ ጥሩ። ግን ቤት መጥቶ ዓይናችሁ እያየ ይፈትሽ። ቲቪው የግድ ይውጣ ካለ ምን እንደሚቀየርና ስንት እንደሆነ በወረቀት ይጻፍላችሁ፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃም ተቀበሉ። ደረሰኝ ለመጠየቅ አትፈሩ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለምትገዙት ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷችኋል።

እማዬ ሪሞት ላይ ያቺን ቁልፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌላታለሁ። 3,500 ብሩ ግን አልተመለሰም። ደረሰኝ ስለሌለን ይዤ የምሄድበት ወረቀት የለኝም፣ ሰውየውም ዛሬም እዚያው ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረ ይሠራል።