ፐብሜድ ከኮምቦልቻ ሲታይ፦ ነጻ ነው፣ ጥያቄውን ግን በትኖ መግባት ይፈልጋል

በጤና ሙያ ላይ ሆኖ ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው እንደ ፐብሜድ፣ የሕክምና ጥናት ጽሑፎችን እንደሚፈልገው ድረ ገጽ፣ የሚጠቅም ነጻ አገልግሎት አላውቅም። ኮምቦልቻ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ስለዚህ ለሥራም ለቴሲስም (ለመመረቂያ ጽሑፌ) እጠቀምበታለሁ።

የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን አሁን ከ35 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ተመዝግበውበታል። ክፍያ የለውም፣ ለመፈለግ መመዝገብም አይጠይቅም። አብረውኝ የሚማሩት ብዙዎቹ ግን ይከፍቱትና ወይ «ምንም የለውም» ወይ «ስንት ሺህ አመጣብኝ፣ የቱን ላንብብ?» ብለው ይዘጉታል። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የሚጎድላቸው ጥቂት ነገር ነው።

አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ለነፍሰ ጡሮች ስለሚሰጠው የብረት ክኒን፣ ስለ አይረን፣ የጠየቀችኝን ልንገራችሁ። «ሲስተርዬ፣ እናቶቹ አይረኑን በየቀኑ መዋጥ ሰልችቷቸዋል። ያቅለሸልሸናል፣ ሆድ ያደርቃል ይላሉ። በሳምንት አንዴ ቢወስዱትስ?» በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። እሷ ግን ይህንኑ በእንግሊዝኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጋ ጽፋ ምንም አጣች። ፐብሜድ ከዓረፍተ ነገሩ ቃላቱን ያነሳና ሁሉንም በ«ኤንድ» (AND፣ «እና») ያያይዛቸዋል። ጽሑፎቹ ውስጥ የማይገኝ አንድ ቃል ከመሃል ከገባ ጥሩው ጽሑፍ ሁሉ ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ላይ በተንነው። ታካሚዋ ማን ናት? ነፍሰ ጡር። ምን ይሰጣታል? አይረን በሳምንት። ከምን ጋር ይነጻጸራል? በየቀኑ ከሚሰጠው ጋር። ምን እንዲለወጥ እንፈልጋለን? ሄሞግሎቢንና የጎንዮሽ ጉዳቱ። ይህን አከፋፈል ክፍል ውስጥ ፒኮ ይሉታል። አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ የማይናገሩት ግን አራቱንም ፍለጋው ውስጥ መክተት እንደማያስፈልግ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይዛችሁ ጀምሩ። አራተኛውን፣ እንዲለወጥ የምትፈልጉትን ነገር፣ መጨረሻ ላይ፣ ዝርዝሩ ከበዛባችሁ ብቻ ጨምሩ፤ ብዙ አብስትራክት (የጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ) ያንን ነገር በስሙ አይጠራውም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚመሳሰሉ ቃላትን በ«ኦር» (OR፣ «ወይም») አገናኝታችሁ በቅንፍ ዝጉ። ቅንፎቹን እርስ በርስ በ«ኤንድ» አያይዙ። «ኦር» ያሰፋል፣ «ኤንድ» ያጠባል። በካፒታል ሌተር መጻፍ አለባቸው። ቅንፍ ካልተጠቀማችሁ ፐብሜድ ከግራ ወደ ቀኝ ዝም ብሎ ስለሚሄድ ያላሰባችሁት ውጤት ይመጣል። «ኖት» (NOT) የሚባለውን፣ ቃል የሚያስወጣውን፣ እኔ አልወደውም። «ሕጻናት አይግቡብኝ» ብላችሁ ስትጽፉ እናትና ሕጻንን አብሮ ያጠናው ጽሑፍም ይወጣባችኋል።

አሁን በጣም ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ሜሽ ይባላል። ቤተ መጻሕፍቱ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የሚያደራጀው የርዕስ ቃላት ዝርዝር ነው። ደራሲው በማንኛውም ቃል ይጻፈው፣ ጽሑፉ ስለ ደም ማነስ ከሆነ ያው አንድ መለያ ይለጠፍበታል። እንግሊዞች «አኔሚያ»ን በተጨማሪ ፊደል ይጽፉታል፣ አሜሪካኖች ይተውታል፤ በሜሽ ስትፈልጉ ይህ አያስጨንቃችሁም። ዝርዝሩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለው ነው። «አኔሚያ» ስትሉ በአይረን እጥረት የሚመጣውም በዘር የሚተላለፈው ሲክል ሴልም አብረው ይመጣሉ።

በሜሽ ብቻ ግን አትተማመኑ። አዲስ የገባ ጽሑፍ መለያው እስኪለጠፍበት ጊዜ ይወስዳል፣ ጭራሽ የማይለጠፍባቸውም አሉ። ስለዚህ የሜሹን ቃልና በርዕስና በአብስትራክት ውስጥ የሚፈለገውን ተራ ቃል በ«ኦር» አያይዙ።

የእኛ አካባቢ ነገር ደግሞ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደሴ በሜሽ ውስጥ የለችም፤ ያለችው ኢትዮጵያ ናት። የከተማዋን ስም አንዱ በሁለት «ኤስ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በአንድ። ወሎም በ«ኦ» በ«ኢ» ይጻፋል። ሁሉንም በ«ኦር» ደርድሩ። ኮምቦልቻ ስትሉ ደግሞ የሐረርጌው ኮምቦልቻ ይቀላቀልባችኋል፤ አብስትራክቱን ሳታነቡ ቴሲሳችሁ ውስጥ እንዳትከቱት። በአንድ ሥር የሚጀምሩትን ቃላት ሁሉ ለማምጣት ቃሉን ቆርጦ ኮከብ ምልክት (*) ማድረግም ይቻላል፤ ከኮከቡ በፊት ቢያንስ አራት ፊደል ያስፈልጋል። ኮከብ ያለበትን ቃል ግን ፐብሜድ በራሱ ወደ ሜሽ አይወስድላችሁም።

ቅሬታዬ ማጣሪያዎቹ ላይ ነው። «ሰው ላይ የተሠራ» የሚለውን ስትጫኑ መለያ ያልተለጠፈባቸው አዳዲስ ጽሑፎች ሁሉ ይጠፋሉ። ማጣሪያው ደግሞ እስክታነሱት ድረስ ለሚቀጥለው ፍለጋም እንደበራ ይቆያል። ይህን በጉልህ ቢያስጠነቅቁ ስንት ተማሪ ከድካም ይድን ነበር።

የባልደረባዬ ጥያቄ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የኮክሬን ግምገማ (ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን) አገኘን። አልፎ አልፎ የሚወሰደው አይረን የጎንዮሽ ጉዳቱ ያነሰ ነው ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በሳምንት አንዴ 120 ሚሊ ግራም የሚለውን አማራጭ ያስቀመጠው በየቀኑ መውሰድ ለማይስማማቸው፣ ያውም የነፍሰ ጡሮች ደም ማነስ ከ20 በመቶ በታች በሆነበት አካባቢ ነው። ስለዚህ የእናቶቹን አወሳሰድ በራሳችን አልቀየርንም። ሁለቱንም ይዘን ለቡድኑ አቀረብን፤ ጥሩ ውይይት ሆነ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ፐብሜድ ራሱ ሙሉ ጽሑፍ ስለማይሰጥ ነው። አብስትራክቱን አንብባችሁ ሙሉውን ስትጫኑ ብዙ ጊዜ አሳታሚው ዶላር ይጠይቃችኋል። ለዚህ ሂናሪ አለላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ ሙሉ ጽሑፎችን የሚያስነብብ አገልግሎት ነው፤ ኢትዮጵያ ያሉ ተቋማት በነጻ ይጠቀሙበታል። የሚገባው ግን በተቋም የይለፍ ቃል ነው። እኔ ቃሉን ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ ብዙ ተመላልሻለሁ፤ መኖሩን የማያውቅ ኃላፊም ገጥሞኛል። ስለዚህ ቴሲስ ስትጀምሩ፣ ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሂዱና «የሂናሪ የይለፍ ቃል ይስጡን» ብላችሁ ጠይቁ።