ሎኮሞቲቭ ከባዶ መሥራት ወይስ የተሠራውን መቀባት?

ባሕር ዳር ገና ሀዲድ ባይደርስም የባቡር ሲሙሌሽን ጌም የሚወድ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ግን ሁሌ አንድ ነው፦ የራሴን ሎኮሞቲቭ (ባቡሩን የሚጎትተውን ክፍል) ከባዶ ልሥራ ወይስ የተሠራ ሞዴል ወስጄ ቀለሙን ልቀይር?

ወጪ፦ ሁለቱም በነፃ ይሠራሉ። የ3ዲ ሞዴል መሥሪያው ብሌንደርም፣ የምስል ማስተካከያው ጊምፕም፣ የባቡር ሲሙሌተሩ ኦፕን ሬይልስም አይከፈልባቸውም።

ቅለት፦ መቀባት ይቀላል። የሞዴሉን የምስል ፋይል በጊምፕ ከፍቶ መቀየር ነው፤ ደከም ያለ ላፕቶፕም ይችለዋል። ከባዶ መሥራት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ጎማው ብቻውን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፦ እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው ክፍል ሆኖ መዞሪያ ነጥቡ ልክ አክሰሉ (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ) መሃል ላይ ካልተቀመጠ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጎማው ሲወዛወዝ ታየዋለህ።

ስጋት፦ ስትቀባ የሌላ ሰው ሥራ ስለሆነ ፈቃዱን ሳታነብ እንዳታሰራጭ፤ ይሄ የመከባበር ጉዳይ ነው። ከባዶ ስትሠራ ደግሞ የኛ ከተማ መብራት መቆራረጥ አለ። ብሌንደር በየ2 ደቂቃው በራሱ ቅጂ ቢያስቀምጥም አንተም ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርግ።

የአገራችንን ባቡር መሥራት ለሚፈልግ ግን ነገሩ ይለያል። የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር የሀዲድ ስፋት 1,000 ሚሊሜትር ነው፤ በብዛት የምታገኛቸው ሞዴሎች ለ1,435 የተሠሩ ናቸው። ቀለሙን ብቻ ብትቀይር ጎማው ከሀዲዱ ውጭ ተንሳፍፎ ይቀራል። እዚህ ላይ ከባዶ መጀመር ያዋጣል፣ የጎንና የፊት ጥርት ያለ ፎቶ ካለህ።

ለአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ 1,435 ሚሊሜትር መስመር ወይም ቶሎ መንዳት ለፈለገ መቀባቱ ይበቃል።