ለልጄ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ምስጋና፣ ለኮሚቴዎችም ጥቆማ (ከደሴ)

አሰላሙ ዐለይኩም የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅ ሰዎች እንዴት ናችሁ። ልጄ የምትማርበትን ኢስላማዊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመራውን ኡስታዝ ላመሰግን ነው፣ ስሜን አታንሺ ስላለኝ አላነሳውም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ወላሂ 9ኛ ክፍል እያለች ላስወጣት ነበር። ጠዋቱ በሙሉ ቁርአንና አረብኛ ነው፣ ሒሳብና ፊዚክስ የሚመጣው ልጆቹ ከደከማቸው በኋላ፣ የዲን ኡስታዞቹና የአካዳሚክ መምህራኑ አንድ ግቢ እየዋሉ ከሰላምታ አልፈው ስለ አንድ ተማሪ ቁጭ ብለው አያወሩም። ላብራቶሪው ሁሌ እንደተቆለፈ ነው። እኛም ወላጆች ወርሃዊ ከፈልን፣ ዩኒፎርም ገዛን፣ በቃ። ከዛ የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ 50 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ያመጣው በአገር ደረጃ 3.3 ፐርሰንት ብቻ ሆነ፣ ጦርነቱ ከተማችንን እንዴት አድርጎ እንዳለፈ ሁላችን እናውቃለን ግን ሁሉን በጦርነት ማሳበብ አልቻልኩም።

ይሄ ኡስታዝ ርዕሰ መምህር ሆኖ ሲመጣ መጀመሪያ ክፍል መግባት ነው የጀመረው። ደብተር ይዞ ኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ መምህሩን ልጆቹ ፊት አንድ ቃል አይናገረውም፣ በኋላ ለብቻው ጠርቶ "ስንቱ ልጅ ገባው? በምን አወቅክ?" ይለዋል። ሐሙስ ሐሙስ የዲኑም የአካዳሚኩም መምህር አንድ ላይ ይሰበሰባል፣ የፈተና ወረቀት ዘርግተው ብዙ ልጅ የሳተውን ጥያቄ ይለዩና ያን ርዕስ ደግመው ያስተምሩታል። ፕሮግራሙንም ከኡስታዞቹ ጋር ተማክሮ ከፊሉን ሒሳብ ወደ ጠዋት አመጣው፣ ከቁርአኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ሳይቀነስ፣ እኔ የፈራሁት እሱን ነበር አልሃምዱሊላህ። ላብራቶሪውም ተከፈተ።

ወመህ (የወላጅና መምህራን ህብረት) ውስጥ ስላለሁ ትምህርት ቤቶች የሚመዘኑበትን የኢንስፔክሽን መስፈርት አይቼዋለሁ፣ ሳየው 26 ስታንዳርድ ነበረው፣ ከመቶው ነጥብ ግብአት 25፣ ሂደት (መማር ማስተማሩ) 35፣ ውጤት 40 ይይዝ ነበር። ኮሚቴዎቻችን ገንዘብ ሲገኝ ሩጫችን ህንፃና ቀለም ላይ ነው፣ እሱ ግን ብሎኬት ሳይጨምር ሂደቱ ላይ ሰራ።

ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ናት፣ ማታ ማታ ሳልቀሰቅሳት ታጠናለች፣ ያልገባትን ጥያቄ ለይታ ፅፋ ለመምህሯ ትወስዳለች። ይሄን ያስለመዳት እሱ ነው፣ አላህ ኸይር ጀዛውን ይክፈለው።

ከወልዲያም ከከሚሴም ኢስላማዊ ትምህርት ቤት የምትመሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አብሽሩ፣ አንድ ቀን ሂዱና አጠገቡ ዋሉ። ጠዋት ከሄዳችሁ ቢሮ አትፈልጉት፣ ከአንዱ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ታገኙታላችሁ።