የዳሽቦርድ መብራትን የሚያስረዳ ጋራዥ፦ በደብረ ብርሃን የከባድ መኪና ምርመራ አገልግሎት እንዴት አገኘሁት?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከከተማው መውጫ ላይ የሚገኝ አንድ የከባድ መኪና ጋራዥ፣ ከተለመደው ጥገና በተጨማሪ የዳሽቦርድ ማስጠንቀቂያ መብራቶችን በኮምፒውተር መርምሮ ትርጉማቸውን ለሹፌሩና ለባለንብረቱ የማስረዳት አገልግሎት ይሰጣል። ባለሙያዎቹ ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ። ስለ ሥራቸው ግን በዝርዝር መጻፍ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በዚህ መስመር የሚሠሩ ብዙ ሹፌሮች ቢጫ መብራት ሲያዩ ከመንገድ ወጥተው ይቆማሉ፣ ቀይ ሲያዩ ደግሞ «ሽቦው ነው» ብለው ይነዳሉ። ሁለቱም ውድ ያስከፍላል፤ ሁለተኛው ግን ሕይወት ጭምር።

አገልግሎቱን ከሌሎች የሚለየው የምርመራው ቅደም ተከተል ነው። የኮምፒውተሩ መሣሪያ ከመሰካቱ በፊት ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ እንዲያዞር ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ ደህና በሆነ መኪና ላይ ዋና ዋናዎቹ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ለጥቂት ሰከንድ መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሳ አብዛኞቹ ይጠፋሉ፣ የኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራት ደግሞ በአንዳንዶቹ መኪኖች የሚጠፋው መኪናው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ነው። ባለሙያው በትኩረት የሚያየው የሚበራውን ብቻ ሳይሆን መብራት ሲገባው ያልበራውን ጭምር ነው። አምፖሉ የተነቀለበት ወይም ከሥሩ ሽቦው የተቆረጠበት የዘይት መብራት፣ ሞተሩ እስኪነክስ (ተጣብቆ መዞር እስኪያቆም) ድረስ ምንም አይናገርም። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ከዚህ አገልግሎት ይህን አንዱን ክፍል ብቻ ቢያገኝ እንኳ የከፈለው ገንዘብ አይቆጨውም።

ስለ ቀለማት የሚሰጠው ማብራሪያ አጭርና በቂ ነው። ቀይ ከሆነ ደህና ቦታ ፈልጎ መቆም፣ ቢጫ ከሆነ እየተጠነቀቁ ቅርብ ወዳለ ጋራዥ መድረስ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ከሆነ አንድ ነገር ሥራ ላይ መሆኑን ማወቅ። ይህን አብዛኛው ሹፌር ያውቀዋል። ዋናው ትምህርት የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

የሞተር ዘይት መብራትን እንውሰድ። ይህ መብራት የሚናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት ነው፤ የዘይቱን መጠን የሚነግረን መለኪያው ዘንግ ነው። ዘይቱ በመጠኑ የጎደለ መኪና ሜዳ ላይ ምንም ሳያሳይ ሄዶ፣ ቀጥ ባለ ዳገት ወይም በጠባብ ጥምዝ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድልና ፖምፓው አየር ሲስብ መብራቱ ብልጭ ሊል ይችላል። ሹፌሩ «በራና ጠፋ» ብሎ የሚያልፈው ይህን ነው። በጋራዡ ኮምፒውተሩ ሲሰካ የሚወጣው ኮድ ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ የመጀመሪያው ችግሩ ያለበትን ክፍል፣ ሁለተኛው የችግሩን ዓይነት ያመለክታል። ጄ 1939 በተባለው የከባድ መኪኖች የጋራ ደንብ መሠረት 100 የሞተር ዘይት ግፊት ነው። ከጎኑ 1 ከመጣ ግፊቱ በእርግጥ አደገኛ በሆነ ደረጃ ወርዷል ማለት ነው፤ 3 ወይም 4 ከመጣ ግን ከሴንሰሩ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት ተዛብቷልና ጥርጣሬው ወደ ሽቦው ወይም ወደ ሴንሰሩ ይዞራል። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው የሚታዩ ሁለት ችግሮች፣ አንዱ ሞተር ሊያስቀይር ሌላው በሽቦ ጥገና ሊያልቅ እንደሚችል የሚለየው እዚህ ነው። በዚያ ላይ ኮድ 4 ቢወጣም ግፊቱን በሜካኒካል ጌጅ ለክተው ሳያረጋግጡ መኪናውን አይለቁም። ይህ ጥንቃቄያቸው ደስ ብሎኛል።

ሌሎች ቦታዎች ላይ የሚያሳዝነኝን ነገር እዚህ አላየሁም። ብዙ ሰው ስካነር (ኮድ ማንበቢያ መሣሪያ) ይገዛና መጀመሪያ የሚያደርገው ኮዱን ማጥፋት ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ ባለንብረቱ ደስ ብሎት ይከፍላል፣ ችግሩ ግን እንዳለ ይቆያል፣ ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረው የሙቀትና የፍጥነት መረጃም አብሮ ይጠፋል። እዚህ ጋራዥ ግን አሁን ያለውንና ቀድሞ ተከስቶ ያለፈውን ኮድ ለያይተው በወረቀት ይጽፋሉ፣ ይጠግናሉ፣ ያጠፋሉ፣ ከዚያም መኪናውን ነድተው ተመልሰው ያነባሉ።

የሙቀት መብራትን በተመለከተ የሰጡት ማብራሪያ ለአገራችን ደጋ የሚስማማ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፣ ወደ ደብረ ሲና ሲሄዱ የሚያልፉበት ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ እዚያ ሙቀት ላይ የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝለትና ፀረ በረዶው ፈሳሽም ስለሚያግዝ ነው። ስለዚህ ጎማው ያለቀ ክዳን ቆላ ላይ ብዙም ሳያስቸግር ቆይቶ ዳገቱ ላይ ሞተሩን ሊያፈላ ይችላል። መብራቱ ሲበራ ክዳኑን በትኩሱ መክፈት ፊትና እጅ እንደሚያቃጥል ለረዳቶች ደጋግመው ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ይገባልም። ከዚሁ ጋር ያያዙት አንድ ነጥብ በተለይ ጠቅሞናል፤ የባትሪው መብራት በርቶ ወዲያው የሙቀቱ ጌጅ መውጣት ከጀመረ፣ በብዙ ሞተሮች ላይ ዲናሞውንና የውሃ ፖምፓውን አንድ ቺንጊያ ስለሚያዞራቸው፣ ቺንጊያው ተበጥሷልና ከዚያ በኋላ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መንዳት አይገባም። መብራቶችን ነጠላ ነጠላ ሳይሆን አንድ ላይ ማንበብ የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ወደ አየር ፍሬኑ ልምጣ፤ ስለ ሰሜን ሸዋ መንገድ ሲነሳ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ የለምና። ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ድረስ አንድ ጭነት መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጠመዝማዛው ብዙ ነው፣ ጉሙም በክረምት መንገዱን ይሸፍነዋል። የአየር ግፊቱ ሲያንስ የሚበራው ቀይ መብራትና አብሮት የሚጮኸው ድምፅ እንደ መኪናው ስሪት ከ4 እስከ 6 ባር ባለው መካከል ላይ ይነሳል። ግፊቱ ከዚያም እየወረደ ከሄደ በኋላ ጎማዎች ላይ ያለው ስፕሪንግ በራሱ ፍሬኑን ይይዛል፤ ጥምዝ ላይ ይህ ሲሆን መኪናው ሊንሸራተት ይችላል። ባለሙያው ይህን ሁሉ በደንብ አስረዳ፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ እየሠራ ቆሞ ሁለቱም የአየር ጌጆች ሙሉ መሆናቸውን ማየት፣ ከዚያም ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬን ረግጦ ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ ማዳመጥ እንደሚገባ በተግባር አሳየ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ወቅት ደግሞ በአየር ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ሌሊት በረዶ ሆኖ ቫልቮቹን ሊይዝ ስለሚችል ማታ ማታ ማፍሰስ እንደሚገባ ተናገረ።

ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጉድለት አየሁ፤ ማሟያውም የመጣው ከጋራዡ ሳይሆን መኪናቸውን እየጠበቁ ከነበሩ አንድ አዛውንት ሹፌር ነው። አብሮኝ የነበረውን ወጣቱን ሹፌራችንን ጠርተው «ልጄ፣ አየሩ ሙሉ ሆኖ፣ መብራት አንድም ሳይበራ፣ ፍሬኑ እምቢ ሊል ይችላል። መብራቱ የሚነግርህ የአየሩን ነው፤ የከበሮውን ትኩሳት አይነግርህም» አሉት። ባለሙያው «እውነት ነው ጋሼ፤ እሱን ሳልነግረው ነበር» ብሎ ተቀበላቸው። በእርግጥም በአብዛኞቹ የጭነት መኪኖች ላይ የፍሬን ሸራና ከበሮ መጋሉን የሚያሳይ መብራት የለም። ዳሽቦርዱ ንጹሕ ሆኖ እያለ ሹፌሩ ረጅም ርቀት ፍሬን እየረገጠ ከወረደ ሸራው ግሎ መያዝ ያቆማል፤ መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ማስገባትና በሞተር ፍሬን መውረድ ነው። ይህ ነጥብ በሚሰጡት ትምህርት ውስጥ የመጀመሪያው መሆን አለበት እላለሁ። መብራትን ማመን የተማረ ሹፌር፣ መብራት የሌለውን አደጋ ካልተነገረው ትምህርቱ ራሱ ያዘናጋዋል።

ነዳጅ ውስጥ ውሃ መግባቱን የሚያሳየው መብራትም ችላ የሚባል አይደለም። የነዳጅ እጥረት ሲኖር ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ ብዙ ጊዜ ውሃና ቆሻሻ ይዞ ይመጣል፣ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ ኢንጀክተር (ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጨው ክፍል) ደግሞ ውሃን አይታገሥም። ከፊልትሮው ሥር ያለውን መክፈቻ ፈታ አድርጎ ውሃውን ማውረድ ረዳቱ ራሱ ሊሠራው የሚችል ሥራ መሆኑን አሳይተውናል፤ መብራቱ ተመላልሶ ከበራ ግን ታንከሩ ራሱ መታጠብ እንዳለበት ነግረውናል።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ። መሣሪያቸው ሁሉንም ዓይነት መኪና እኩል አያነብም፤ በአንዳንዶቹ ላይ የሞተሩን ኮድ ብቻ አውጥቶ የኤቢኤሱንና የካምቢዮውን ሳይደርስበት ይቀራል፤ ዩሪያ (የጭስ ማጣሪያ ፈሳሽ) የሚጠቀሙትን አዳዲስ መኪኖች በሚመለከትም ማብራሪያቸው ስስ ነው። የሚሰጡት ወረቀት በእንግሊዝኛና በቁጥር የተሞላ ስለሆነ ሹፌሩ ወደ ቤት ሲወስደው ብዙም አይጠቅመውም፤ ዋና ዋናዎቹን መብራቶች ከነሥዕላቸው በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ቢያዘጋጁ ጋቢና ውስጥ ሊለጠፍ ይችል ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ሥራው በአንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ትከሻ ላይ ያረፈ ነው፤ እሱ በሌለበት ቀን የሚደረገው ምርመራ ኮድ ከማንበብ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ቀድሞ ደውሎ መኖሩን ማረጋገጥ ያሻል።

ክፍያው ምክንያታዊ ነው፤ ምርመራውና ጥገናው ለየብቻ ስለሚታሰቡ መርምራችሁ ሌላ ቦታ ብትጠግኑም ቅር አይላቸውም። መሄድ የምትፈልጉ በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ብትደርሱ ይመረጣል፤ በብርድ ብቻ የሚታይ ችግር ካለ የሚገኘው ያኔ ነውና። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ተሳቢውን ፈትታችሁ ሂዱ፤ የተሳቢው ኤቢኤስና የአየር መስመር እንዲታይ ከፈለጋችሁ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ከግቢው ውጭ ቦታ ያዘጋጃሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ባትሪ አትንቀሉ፣ ኮድም አታስጠፉ፤ መብራቱ መቼ እንደበራ፣ ጭነት ይኑር አይኑር፣ ዳገት ይሁን ቁልቁለት ሹፌሩ በወረቀት ይያዝ፤ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።